የጥያቄ ቃላትና አንጻራዊ ተውላጠ ስሞች በእንግሊዝኛ ሰዋስው

በእንግሊዝኛ ሰዋስው የጥያቄ ቃላትና አንጻራዊ ተውላጠ ስሞች በአብዛኛው በመልክ አንድ፣ በሥራ ግን ሁለት ናቸው። «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ሁዝ»፣ «ዌር» እና «ዌን» በጥያቄ ውስጥ ሲገቡ ያልታወቀን ነገር ይጠይቃሉ። በዐረፍተ ነገር መካከል ሲገቡ ደግሞ ቀድሞ የተጠቀሰን ስም ከሚገልጸው ሐረግ ጋር ያያይዛሉ። በአማርኛ ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው። ጥያቄው በ«ማን»፣ በ«ምን»፣ በ«የት»፣ በ«መቼ» ይጠየቃል፤ ማያያዙን ደግሞ በግሱ መነሻ ላይ የሚቀጠለው «የ» ወይም «የሚ» ይሠራዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለሚማር አማርኛ ተናጋሪ ዋናው ችግር የቃላቱ ትርጉም ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ነው።

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተማሪ የፊዚክስ ወይም የታሪክ መጽሐፉን በትክክል ለመረዳት እነዚህን ቃላት መለየት ያስፈልገዋል። በሰሜን ወሎ በምትገኘው ላሊበላ ከተማ ደግሞ ጉዳዩ የዕለት ሥራ ነው። አስጎብኚው በአማርኛ የሚያውቀውን ታሪክ ለጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ፣ «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ «ያሠራው ንጉሥ...» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከላሊበላና ከላስታ የተወሰዱ ናቸው።

የእንግሊዝኛ ቃላቱ የተጻፉት በአማርኛ ፊደል እንደ አነጋገራቸው ነው። በእንግሊዝኛ ምሳሌዎች ውስጥ ከስም በፊት የሚመጣው «ዘ» የታወቀ ነገርን የሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ በስም መጨረሻ ላይ ከሚቀጠለው «ው» ወይም «ዋ» ጋር ይቀራረባል።

የቃላቱ ዝርዝር

ከ«ሃው» በቀር የጥያቄ ቃላቱ ሁሉ አጻጻፋቸው «ደብልዩ» እና «ኤች» በተባሉት ፊደላት ይጀምራል። «ሁ»፣ «ሁም» እና «ሁዝ» ሲነገሩ ግን «ደብልዩ» አይሰማም።

ሁ – ማን። ስለ ሰው ይጠይቃል፤ ሰውን የሚገልጽ ሐረግም ያያይዛል።
ሁም – ማንን። በመደበኛ ጽሑፍና በተለይ ከመስተዋድድ በኋላ ይገባል።
ሁዝ – የማን። ባለቤትነትን ይጠይቃል፤ ሲያያይዝ ለሰውም ለነገርም ያገለግላል።
ዋት – ምን። ይጠይቃል፤ ቀድሞ የተጠቀሰን ስም ግን አያያይዝም።
ዊች – የትኛው፣ የትኛዋ። ሲጠይቅ ለሰውም ለነገርም ይሆናል፤ ሲያያይዝ ግን ለነገርና ለእንስሳ ነው።
ዌር – የት። ቦታን ይጠይቃል፤ ያያይዛልም።
ዌን – መቼ። ጊዜን ይጠይቃል፤ ያያይዛልም።
ዋይ – ለምን። ሲያያይዝ «ምክንያት» ከሚል ትርጉም ካለው ስም በኋላ ይመጣል።
ሃው – እንዴት። ይጠይቃል፤ ስምን ግን አያያይዝም።
ዛት – በመሠረቱ «ያ» የሚል ጠቋሚ ቃል ነው። አይጠይቅም፤ ለሰውም ለነገርም ያያይዛል።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው «ሁ» እና «ዊች» ሁለቱንም ሥራ ሲሠሩ፣ «ዋት» እና «ሃው» ለመጠየቅ ብቻ፣ «ዛት» ደግሞ ለማያያዝ ብቻ ያገለግላሉ። አማርኛ ተናጋሪዎች በ«ዋት» ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ለማያያዣነት ስለሚጠቀሙበት ነው።

የጥያቄ አሠራር

በአማርኛ የጥያቄ ቃል ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል። «ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ሠራ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ወጥቶ «ምን» ሲገባ «ላሊበላ ምን ሠራ?» ይሆናል። ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ግን የጥያቄ ቃሉ ወደ ፊት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ረዳት ግስ ይጨመራል። «ዋት ዲድ ላሊበላ ቢልድ?» በሚለው ጥያቄ «ዋት» መጀመሪያ ላይ ወጥቷል፤ «ዲድ» የኃላፊ ጊዜን ተሸክሟል፤ «ቢልት» የነበረውም ግስ ወደ «ቢልድ» ተመልሷል።

ጥያቄው ስለ ባለቤቱ ከሆነ ግን «ዲድ» አይገባም። «ማን ሠራ?» ለማለት «ሁ ቢልት?» ይባላል። ምክንያቱም ባለቤቱ ቀድሞውንም በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ የጥያቄ ቃሉ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት የለም።

ይህን ልዩነት ለመረዳት «ማን አገኘህ?» እና «ማንን አገኘህ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ማነጻጸር ይጠቅማል። «አገኘህ» የሚለው ግስ በሁለቱም አንድ ነው። አግኚው ሌላ ሰው መሆኑን ወይም ተጠያቂው ራሱ መሆኑን የምትለየው «ን» ብቻ ናት። እንግሊዝኛ እንደዚህ ያለ «ን» ስለሌለው ልዩነቱን የሚያሳየው በቃላት ቅደም ተከተልና በ«ዲድ» ነው። «ማን አገኘህ?» ማለት «ሁ ሜት ዩ?» ሲሆን፣ «ማንን አገኘህ?» ማለት ደግሞ «ሁ ዲድ ዩ ሚት?» ነው። ስለዚህ «ዲድ» የት እንደሚገባ የጠፋበት ተማሪ ጥያቄውን በአማርኛ አስቦ «ን» መኖሯን ማየት ይችላል። በ«ማንን» የሚጠየቅ ከሆነ «ዲድ» ያስፈልጋል፤ በ«ማን» ከሆነ አያስፈልግም።

ዋትና ዊች

«ዋት» የሚጠየቀው ምርጫው ያልተወሰነ ሲሆን ነው። «ዊች» የሚጠየቀው ደግሞ ምርጫው በታወቁ ነገሮች መካከል ሲሆን ነው። በላሊበላ ከተማ የሚገኙት የዐለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት 11 መሆናቸው ስለሚታወቅ፣ ከእነሱ ትልቁን ለመጠየቅ «ዊች ቸርች ኢዝ ዘ ላርጀስት?» ይባላል። መልሱ ቤተ መድኃኔዓለም ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የሚደጋገመው «ዊች ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ» የሚለው አጠያየቅም በ«ዊች» የሚጀምረው ምርጫዎቹ ከሥሩ ስለተዘረዘሩ ነው።

ስንትና ስንተኛ

አማርኛ ለብዛት «ስንት» የሚል አንድ ቃል ሲኖረው እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። ለሚቆጠር ነገር «ሃው ሜኒ»፣ ለማይቆጠር «ሃው ማች» ይባላል። «ስንት ቤተ ክርስቲያን?» በ«ሃው ሜኒ»፣ «ስንት ውኃ?» በ«ሃው ማች» ይጠየቃል። በሌላ በኩል «ስንተኛ» ለሚለው የአማርኛ ቃል እንግሊዝኛ አንድ ራሱን የቻለ የተለመደ ቃል የለውም። ስለዚህ «ላሊበላ ስንተኛው የዛጉዌ ንጉሥ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ቃል በቃል ማስተላለፍ አይቻልም፤ «ከላሊበላ በፊት ስንት የዛጉዌ ነገሥታት ነበሩ?» ብሎ አዙሮ መጠየቅ ይቀላል።

በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የገባ ጥያቄ

ጥያቄ በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የጥያቄ ቃሉ ከፊት ይቆያል፤ ባለቤቱና ግሱ ግን ወደ መደበኛ ቦታቸው ይመለሳሉ። «ዌር ኢዝ ቤተ ጊዮርጊስ?» ቀጥተኛ ጥያቄ ነው። «ቤተ ጊዮርጊስ የት እንዳለ ልትነግረኝ ትችላለህ?» ለማለት ግን «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ቤተ ጊዮርጊስ ኢዝ?» ይባላል፤ «ኢዝ» ወደ መጨረሻ ሄዷል። አማርኛ ይህን ለውጥ የሚያሳየው «እንደ» በሚለው መነሻ ነው። «የት አለ?» የሚለው «የት እንዳለ» ሲሆን ጥያቄው ጥገኛ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛው «እንደ» በገባበት ቦታ በእንግሊዝኛው ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል።

የአማርኛው «የ» እና የግዕዙ «ዘ»

በአማርኛ ስምን የሚገልጽ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፤ ማያያዣውም ራሱን የቻለ ቃል ሳይሆን ከግሱ ጋር የተጣበቀ ነው። «ከተማዋን የጎበኘ ሰው» እና «ሰውዬው የጎበኛት ከተማ» በሚሉት ሐረጎች «የ» ለሰውም ለከተማም ሳይለወጥ አገልግሏል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ሁ» ሲፈልግ ሁለተኛው «ዊች» ወይም «ዛት» ይፈልጋል። በተጨማሪም ሐረጉ ከስሙ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ አንድን የአማርኛ ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ከመጨረሻው ስም መጀመር ያስፈልጋል። «ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ከ«ቤተ ክርስቲያን» ተነሥቶ «ኤ ቸርች ዛት ዋዝ ካርቭድ ፍሮም ኤ ሲንግል ሮክ» ይሆናል።

ይህ አሰላለፍ ለአገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የቅዳሴ ቋንቋ የሆነው ግዕዝ ከስም በኋላ የሚመጣ አያያዥ አለው። «ብእሲ ዘመጽአ» የመጣ ወንድ፣ «ብእሲት እንተ መጽአት» የመጣች ሴት፣ «ሰብእ እለ መጽኡ» የመጡ ሰዎች ማለት ነው። በሦስቱም ስሙ ቀድሞ አያያዡ ተከትሏል፤ ቅደም ተከተሉ ከእንግሊዝኛው «ኤ ማን ሁ ኬም» ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በአመራረጡ ላይ ነው። ግዕዝ «ዘ»ን፣ «እንተ»ን እና «እለ»ን የሚለየው በጾታና በቁጥር ሲሆን፣ እንግሊዝኛ «ሁ»ን እና «ዊች»ን የሚለየው ሰው በመሆንና ባለመሆን ነው። ግዕዝ የጥያቄ ቃላቱንም ለብቻ ይዟል፤ «መኑ» ማን፣ «ምንት» ምን፣ «አይቴ» የት፣ «ማእዜ» መቼ ማለት ናቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት ግዕዝ የተማረ ሰው የእንግሊዝኛውን የቃላት አሰላለፍ በዚህ መንገድ ማስታወስ ይችላል።

አንጻራዊ ሐረግ እንዴት ይሠራል?

አንጻራዊ ሐረግ አንድ ስም የሚጋሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውሕደት ነው። አሠራሩን በሚከተሉት ደረጃዎች ማየት ይቻላል።

1. ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይወሰዳሉ፤ «ዚስ ኢዝ ዘ ቸርች» (ቤተ ክርስቲያኑ ይህ ነው) እና «ዘ ኪንግ ቢልት ዘ ቸርች» (ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ)።
2. በሁለቱም ውስጥ የተደገመው ስም ይለያል። እዚህ ላይ «ዘ ቸርች» ነው።
3. በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ያለው ስም በአንጻራዊ ተውላጠ ስም ይተካል። ነገር ስለሆነ «ዊች» ወይም «ዛት» ይገባል።
4. የተተካው ቃል ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይወጣል፤ «ዊች ዘ ኪንግ ቢልት»።
5. ሐረጉ ከመጀመሪያው ስም ቀጥሎ ይቀመጣል፤ «ዚስ ኢዝ ዘ ቸርች ዊች ዘ ኪንግ ቢልት»።
6. የቃሉ የቀድሞ ቦታ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ከ«ቢልት» በኋላ «ኢት» አይጨመርም፤ «ዊች» ራሱ የ«ኢት»ን ቦታ ይዟልና።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ምክንያቱ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው የተሳቢ ምልክት ነው። «ያየኋት ሴት» በሚለው ሐረግ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» «እሷን» ማለት ናት፤ በአማርኛ መኖሯ ትክክል ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚያዛውር ሰው «ዘ ዉማን ሁ አይ ሶው ኸር» ይላል። ትክክለኛው «ዘ ዉማን ሁ አይ ሶው» ነው፤ «ኸር» መደገም የለበትም።

በሐረጉ ውስጥ ያለው ግስ ከተገለጸው ስም ጋር በቁጥር ይስማማል። አማርኛ «የሚኖር ቄስ» እና «የሚኖሩ ቄሶች» ብሎ እንደሚለይ፣ እንግሊዝኛም «ዘ ፕሪስት ሁ ሊቭስ» እና «ዘ ፕሪስትስ ሁ ሊቭ» ብሎ ይለያል።

ሁ፣ ሁምና ሁዝ

ተገላጩ ሰው ሲሆንና የሐረጉ ባለቤት እሱ ራሱ ሲሆን «ሁ» ይገባል። ተሳቢ ሲሆን በመደበኛ ጽሑፍ «ሁም» ሊገባ ይችላል፤ በዛሬው ንግግር ግን «ሁ» የተለመደ ነው። መስተዋድድ ከፊቱ ሲመጣ ብቻ «ሁም» ግዴታ ይሆናል። «አብሮት የመጣሁት ሰው» ለማለት «ዘ ማን ዊዝ ሁም አይ ኬም» ይባላል እንጂ «ዊዝ ሁ» አይባልም። በንግግር «ዘ ማን አይ ኬም ዊዝ» ማለት ይቀላል።

«ሁዝ» ባለቤትነትን ያያይዛል። አማርኛ ይህን የሚገልጸው በስሙ ላይ በሚቀጠል የባለቤትነት ምልክት ነው። «ከተማዋ በስሙ የምትጠራው ንጉሥ» በሚለው ውስጥ ንጉሡን የሚያመለክተው በ«ስሙ» መጨረሻ ያለው ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ኪንግ ሁዝ ኔም ዘ ታውን ቤርስ» ይሆናል። «ሂዝ ኔም» ማለት አያስፈልግም፤ «ሁዝ» የ«ሂዝ»ን ቦታ ይዟል። «ሁ ኢዝ» በአጭሩ ሲነገርም «ሁዝ» ተብሎ ይሰማል። በጽሑፍ ግን አጭሩ ጭረት ሲኖረው፣ ባለቤትነትን የሚያሳየው ጭረት የለውም።

«በት» እና «ለት»

በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠሉት «በት» እና «ለት» መስተዋድድንና ተውላጠ ስምን በአንድ ላይ ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ ይህ መስተዋድድ ለብቻው መነገር አለበት።

«ሰውዬው የተወለደበት ከተማ» በሚለው ሐረግ «በት» የሚለው «በውስጡ» ማለት ነው። ስለዚህ «ዘ ታውን ኢን ዊች ሂ ዋዝ ቦርን» ወይም «ዘ ታውን ዌር ሂ ዋዝ ቦርን» ይባላል። «ዘ ታውን ዊች ሂ ዋዝ ቦርን» ስሕተት ነው፤ «በት» ጠፍቷል። «ዌር» በውስጡ መስተዋድዱን ስለያዘ «ዌር ሂ ዋዝ ቦርን ኢን» ማለትም ድግግሞሽ ነው።

«አስጎብኚው የሚሠራለት ድርጅት» ሲሆን «ለት» የሚለው «ፎር» ይሆናል፤ «ዘ ካምፓኒ ዘ ጋይድ ዎርክስ ፎር» ይባላል። «በት» ሁልጊዜ አንድ ትርጉም እንደሌለው መገንዘብ ያስፈልጋል። «የሚኖርበት ቤት» ላይ «ኢን»፣ «የመጣበት አውቶቡስ» ላይ «ኦን»፣ «የሚፈለፍልበት መሣሪያ» ላይ «ዊዝ» ይሆናል። ትክክለኛውን ለማግኘት ሐረጉን ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መመለስ ይበቃል፤ «በመሣሪያው ይፈለፍላል» ሲባል መስተዋድዱ ራሱን ይገልጣል።

በ«ዌር» እና በ«ዊች» መካከል የሚመረጠውም በዚህ መንገድ ነው። ስሙ ቦታ ስለሆነ ብቻ «ዌር» አይገባም። «የጎበኘኋት ከተማ» በሚለው «በት» ስለሌለ «ዘ ታውን ዊች አይ ቪዚትድ» ይሆናል። «ያደርኩባት ከተማ» በሚለው ግን «ባት» ስላለ «ዘ ታውን ዌር አይ ስቴይድ» ይባላል።

ነጠላ ሰረዝ የሚለውጠው ትርጉም

አንጻራዊ ሐረግ ሁለት ዓይነት ነው። ለይቶ የሚያሳውቀው ከብዙዎች መካከል የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ ነጠላ ሰረዝም አይወስድም። ተጨማሪ መረጃ የሚሰጠው ደግሞ ቀድሞ በታወቀ ነገር ላይ ይጨምራል፤ በሁለት ነጠላ ሰረዞችም ይከበባል።

በላሊበላ ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ሰፋፊ መጠለያዎች የተሠሩት ለአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ መጠለያ ሲኖራቸው ቤተ ጊዮርጊስ የለውም። ይህን ይዞ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ማነጻጸር ይቻላል።

«ዘ ቸርቺዝ ዊች ሃቭ ሸልተርስ አር ቬሪ ኦልድ።»
«ዘ ቸርቺዝ፣ ዊች ሃቭ ሸልተርስ፣ አር ቬሪ ኦልድ።»

የመጀመሪያው የሚናገረው መጠለያ ስላላቸው ብቻ ነው፤ እውነትም ነው። ሁለተኛው ሁሉም መጠለያ እንዳላቸው ይናገራል፤ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ሐሰት ነው። ቃላቱ አንድ ሆነው ሳለ ዐረፍተ ነገሩን ሐሰተኛ ያደረገው ነጠላ ሰረዙ ነው። በንግግር የነጠላ ሰረዙን ቦታ የድምፅ ዕረፍት ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ አስጎብኚ ከ«ቸርቺዝ» በኋላ ቢያርፍና ባያርፍ ለሰሚው የተለያየ መረጃ ይደርሰዋል።

በአማርኛ «መጠለያ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት» የሚለው ሐረግ በራሱ ሁለቱንም ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ለይቶ ለመናገር «ከአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል መጠለያ ያላቸው» ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ብቻ የሚያመለክት የተጸውዖ ስም በራሱ የታወቀ ስለሆነ የሚከተለው ሐረግ ነጠላ ሰረዝ ይወስዳል። «ቤተ ጊዮርጊስ፣ ዊች ሃዝ ዘ ሼፕ ኦፍ ኤ ክሮስ፣ ስታንድስ አሎን» ይባላል፤ ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ያለውና ከሌሎቹ ተለይቶ የቆመ ነው። ለሰውም እንዲሁ ነው። «ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ፣ ሁ ኬም ቱ ኢትዮጵያ ኢን 1520፣ ሶው ዘ ቸርቺዝ» የሚለው ስለ ፖርቱጋላዊው ቄስ የሚናገር ሲሆን፣ የመጣበት ዓመት ተጨማሪ መረጃ ነው። ከነጠላ ሰረዝ በኋላ «ዛት» አይገባም፤ «ሁ» ወይም «ዊች» ብቻ ይገባል።

«ዊች» ከነጠላ ሰረዝ በኋላ አንድን ስም ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ሐሳብ በሙሉ ሊያመለክት ይችላል። «ዘ ሮድ ዋዝ ክሎዝድ፣ ዊች ዴሌይድ አስ» ማለት «መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ይህም አዘገየን» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የአማርኛው አቻ «የ» ሳይሆን «ይህም» ነው።

ሐረጉ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚያያዝ

አንጻራዊ ሐረግ ከሚገልጸው ስም አጠገብ መቀመጥ አለበት። ሁለት ስሞች ተከታትለው ሲመጡ ግን አሻሚነት ይፈጠራል። በትውፊት ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው፤ በስሙ የሚጠራውን የዋሻ ቤተ ክርስቲያንም ያሠራው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ለማለት «ዘ ኔፊው ኦፍ ዘ ኪንግ ሁ ቢልት ዚስ ቸርች» ቢባል፣ ሠሪው የወንድሙ ልጅ ይሁን ንጉሡ አይታወቅም። አማርኛውም «ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው የንጉሡ ወንድም ልጅ» ሲል ያው ነው፤ እንዲያውም ንጉሡ፣ ወንድሙና የወንድሙ ልጅ ሦስቱም ሊገመቱ ይችላሉ። አሻሚነቱን የሚያስወግደው ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው፤ «ነአኩቶ ለአብ ቢልት ዚስ ቸርች። ሂ ዋዝ ዘ ኔፊው ኦፍ ኪንግ ላሊበላ።»

አያያዡን መተው

አንጻራዊ ተውላጠ ስሙ ተሳቢ ከሆነና ነጠላ ሰረዝ ከሌለ ሊቀር ይችላል። «ዘ ቸርች ዊች አይ ቪዚትድ» እና «ዘ ቸርች አይ ቪዚትድ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ባለቤት ከሆነ ግን መቅረት አይችልም። «የመጣው ሰው ወንድሜ ነው» ለማለት «ዘ ማን ሁ ኬም ኢዝ ማይ ብራዘር» ይባላል፤ «ሁ» ቢቀር ሁለት ግሶች ያለ ማያያዣ ይጋጫሉ። ለመለየት ከአያያዡ ቀጥሎ ያለውን ቃል ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ካለ አያያዡ ሊቀር ይችላል፤ ቀጥሎ ግስ ካለ አይቀርም።

ታሪክ

በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጥያቄ ቃላት እንደ ዛሬው አንጻራዊ ተውላጠ ስም ሆነው አያገለግሉም ነበር። ማያያዙን ይሠሩ የነበሩት አንድ የማይለዋወጥ አያያዥና ጠቋሚ ተውላጠ ስሞች ነበሩ፤ «ዛት» ከእነዚህ ጠቋሚዎች የወረደ ነው። የጥያቄ ቃላቱ ወደ ማያያዣነት የተሸጋገሩት በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን ማለትም ከ1100 እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀስ በቀስ ነው። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ስለሆነ፣ ለውጡ በእንግሊዝኛ በጀመረበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

«ሁ» የሐረግ ባለቤት ሆኖ መስፋፋቱ ከ«ዊች» የዘገየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ዊች» ለሰውም ያገለግላል። «ሁ» ለሰው፣ «ዊች» ለነገር የሚለው የዛሬው ክፍፍል የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። ለይቶ በሚያሳውቅ ሐረግ ውስጥ የአሜሪካ የአጻጻፍ መመሪያዎች «ዛት»ን ሲመርጡ፣ በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ዊች» እና «ዛት» ሁለቱም የተለመዱ ናቸው።

በአማርኛ ተናጋሪዎች የሚዘወተሩ ስሕተቶች

ስሕተት፦ «ዘ ፕሪስት ዊች ኬም»። ትክክል፦ «ዘ ፕሪስት ሁ ኬም»። የአማርኛው «የ» ሰውንና ነገርን ስለማይለይ የሚመጣ ስሕተት ነው።

ስሕተት፦ «ዘ ቸርች ዊች አይ ሶው ኢት»። ትክክል፦ «ዘ ቸርች ዊች አይ ሶው»። የተሳቢ ምልክት ተደግሟል።

ስሕተት፦ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ»። ትክክል፦ «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ»። በ«የምኖርበት» ውስጥ ያለው «በት» ቀርቷል።

ስሕተት፦ «ኤቭሪቲንግ ዋት ሂ ሴድ»። ትክክል፦ «ኤቭሪቲንግ ዛት ሂ ሴድ»። «ዋት» ቀድሞ የተጠቀሰን ስም አያያይዝም። ስም ከሌለ ግን «ዋት ሂ ሴድ» ትክክል ነው፤ «የተናገረው» ወይም «የተናገረው ነገር» ማለት ነው።

ስሕተት፦ «ዌር ዩ ካም ፍሮም?» ትክክል፦ «ዌር ዱ ዩ ካም ፍሮም?» ረዳት ግሱ ቀርቷል።

ስሕተት፦ «ሁ ዲድ ቢልት ዘ ቸርች?» ትክክል፦ «ሁ ቢልት ዘ ቸርች?» ጥያቄው በ«ማን» እንጂ በ«ማንን» ስላልሆነ «ዲድ» አያስፈልግም።

ስሕተት፦ «አይ ዶንት ኖው ዌን ኢዝ ዘ ሆሊዴይ»። ትክክል፦ «አይ ዶንት ኖው ዌን ዘ ሆሊዴይ ኢዝ»። በአማርኛ «በዓሉ መቼ እንደሆነ» ተብሎ «እንደ» ስለሚገባ ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል።

ስሕተት፦ «ላሊበላ፣ ዛት ዋዝ ኮልድ ሮሃ፣ ኢዝ ኢን ላስታ»። ትክክል፦ «ላሊበላ፣ ዊች ዋዝ ኮልድ ሮሃ፣ ኢዝ ኢን ላስታ»። ከተማዋ ቀድሞ ሮሃ ትባል እንደነበር የሚናገረው ሐረግ ተጨማሪ መረጃ ስለሆነ ነጠላ ሰረዝ ወስዷል፤ ከነጠላ ሰረዝ በኋላም «ዛት» አይገባም።